ፊልጵስዩስን በቃል መያዝ፦ የ7 ወር አፕዴት

እሺ ቃል የገባሁት አፕዴት ይኸው፣ ዘግይቷል አውቃለሁ። ለማታስታውሱ፣ የፊልጵስዩስን መልእክት ከ1፥1 እስከ 4፥23 ሙሉውን በቃሌ እይዛለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። 4 ምዕራፍ 104 ቁጥር ናት፣ በቀን አንድ ቁጥር ቢባል 104 ቀን፣ ሦስት ወር ተኩል ገደማ፣ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ይኸው 7 ወር ሆነኝ፣ አሁን ያለሁት 4፥9 ላይ ነው፣ 90 ይዣለሁ 14 ይቀረኛል። "ይዣለሁ" የምትለዋ ቃል ላይ ራሱ ከራሴ ጋር ክርክር አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

ለምን እንደጀመርኩ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በአጭሩ ልበል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ጨርሼ ነበር፣ 1189 ምዕራፍ፣ በአፕ። የቀኑን ስትጨርስ ትንሽዬ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ትላለች፣ እሷን ለማየት ነበር የማነበው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀኑ ሊያልፍ አስር ደቂቃ ሲቀረው አልጋ ውስጥ ሆኜ ዘሌዋውያንን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ የጨረስኩባቸው ሌሊቶች አሉ። አንድ ጠዋት ታዲያ አንድ ወንድሜ (የሥጋ አይደለም የጌታ፣ ከዚህ በኋላ ጓደኛዬ ነው የምለው) "ዛሬ ምን አነበብክ?" አለኝ፣ ካነበብኩ አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላኝም፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስትሪኬ (ሳላቋርጥ ያነበብኩበት የቀን ቁጥር) ግን 200 ምናምን ቀን ደርሷል።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ "እግዚአብሔርንም ለመምሰል ራስህን አስለምድ" ሲለው (1ኛ ጢሞ 4፥7) የተጠቀመው የግሪክ ቃል ጂምናዚየም ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። እና እኔ ጂም ገብቼ ማሽኖቹን ቆጥሬ የምወጣ ሰው ነበርኩ በቃ። ስለዚህ ብዙ ማንበቡን ልተወውና አንድ ትንሽ መልእክት ላይ ልቀመጥ አልኩ።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ ትርጉም መምረጥ ነበረብኝ። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለመረዳት ይቀላል፣ ለጥናት የምጠቀመውም እሱን ነው፣ ለቃል ግን የ1954ቱን መረጥኩ። ምክንያቴ መንፈሳዊ አይደለም፣ ዜማ ስላለው ነው፣ ደግሞ በስብከት ስሰማው ስላደግኩ ግማሹ ቀድሞ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ችግሩ ጳውሎስ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም፣ አማርኛችን ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ሦስት መስመር ሙሉ ተሸክመህ ተሸክመህ ማውረጃው ሳይመጣ ይወድቅብሃል። 2፥11ን እዩዋት፣ "መላስም ሁሉ ለእግዚአብሔር አብ ክብር ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታ እንደ ሆነ ይመሰክር ዘንድ ነው"። እኔ "መላስም ሁሉ" ካልኩ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኝ ነበር፣ አንዴ "ይመሰክር"ን አስቀድማለሁ፣ አንዴ "ክብር"ን መጨረሻ ላይ እወስዳታለሁ፣ አንዴ ጭራሽ ወደ ቁጥር 10 ተመልሼ እንበረከካለሁ።

በመጨረሻ የጠቀመኝ ከጭራው መጀመር ነው። መጀመሪያ "ይመሰክር ዘንድ ነው"ን ብቻ አስር ጊዜ፣ ከዛ "ጌታ እንደ ሆነ ይመሰክር ዘንድ ነው"፣ ከዛ "ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታ እንደ ሆነ ይመሰክር ዘንድ ነው"፣ እንደዚህ እያልክ ወደ መጀመሪያው ትመጣለህ። ሙሉውን ስትለው ሁልጊዜ ከማታውቀው ወደምታውቀው ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ድምፅህ እየጠነከረ ይመጣል እንጂ እየሳሳ አይሄድም። ይህንን ሞክሩት፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህችን ውሰዱ።

ለክለሳው ካርድ ነው የምጠቀመው። ከፊት ምዕራፍና ቁጥሩ፣ ከጀርባ ቃሉ። ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ጀርመናዊ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ ነው፣ እኔ አቅልዬ ሦስት ሳጥን አድርጌዋለሁ፣ የየቀኑ፣ የየሳምንቱ፣ የየወሩ። ያልሳትኳት ካርድ ወደሚቀጥለው ታልፋለች፣ የሳትኳት ደግሞ ከየትም ሳጥን ትሁን ወደ የየቀኑ ትመለሳለች፣ ምሕረት የለም። አዲስ ነገር በብዛት የሚጠፋው በተያዘ በመጀመሪያው ሰዓትና ቀን ስለሆነ ጠዋት የያዝኳትን ማታ ካልደገምኳት በማግስቱ ከዜሮ ነው።

ሌላው፣ ጮክ ማለት። በልቤ ሳነብ የያዝኩ ይመስለኛል፣ አፌን ስከፍት ባዶ። መዝሙር 1፥2 ላይ "ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል" የሚለው እኮ ዕብራይስጡ "ሃጋ" ነው፣ በአፍ ማጉረምረም እንደማለት፣ ኢሳይያስ 31፥4 ላይ አንበሳ ግዳዩ ላይ ሆኖ የሚያሰማውን ድምፅ የሚገልጸው ያው ቃል ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳጉረመርም ያያችሁኝ ሰዎች፣ ደህና ነኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ታምሜ 19 ቀን ሙሉ ካርድ አልነካሁም። የድሮው እኔ ብሆን እዛው ያበቃ ነበር፣ ስትሪክ ከተቆረጠ ምን ዋጋ አለው የምል ሰው ነኝ። "ልማድ በ21 ቀን ይያዛል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ እኔም አምንበት ነበር፣ 21 ቀን አልፌ ለምን አሁንም ይከብደኛል ብዬ ራሴን ስወቅስ ቆይቻለሁ። ኋላ ላይ ያነበብኩት በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት ግን 96 ሰው ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ነው፣ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን የሚደርስ፣ አንድ ቀን መዝለልም ብዙ እንደማይጎዳ አይተዋል። 254 የሚለውን ሳይ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ እኔ የዛኛው ጫፍ ሰው ነኝ። (19 ቀን አንድ ቀን አይደለም ትሉኝ ይሆናል። አዎ አይደለም።) ተመልሼ ስጀምር የየወሩ ሳጥን ባዶ ሆነ፣ ሁሉም ወደ የየቀኑ ተመለሰ፣ በቃ እንደገና።

ምዕራፍ 2ን ስጨርስ ደግሞ ሌላ በሽታ ያዘኝ። በአንድ ቀን ለሦስት ሰው ነገርኩ፣ ያውም ሳይጠይቁኝ። "በከንቱ ውዳሴ ምክንያት አንድ እንኳ አታድርጉ" የምትለዋ 2፥3 እኮ አፌ ውስጥ ናት፣ ገና ትኩስ ናት። በዛው ሰሞን ስለ አባ ጳኩሚስ አነበብኩ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የገዳም ሥርዓት የሠሩት አባት፣ ወደ ገዳሙ የገባ ሰው ሁሉ ቢያንስ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ እንዲይዝ ነበር ሥርዓታቸው። ቢያንስ! እኔ በ60 ቁጥር ሰፈር አልበቃኝም። ይህንን ሁሉ ስጽፍላችሁ ያው በሽታ እየሠራ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ፣ ግን ቃል ገብቻለሁ።

የሳቅኩበትን ልንገራችሁ ደግሞ። 3፥13ን "በኋላዬ ያለውን እየረሳሁ በፊቴ ያለውን ለመያዝ እዘረጋለሁ" ብዬ ደስ ብሎኝ በያዝኩ ሳምንት ምዕራፍ 1ን ስከልስ ከ1፥19 እስከ 1፥26 እልም ብሎ ጠፍቷል። በኋላዬ ያለውን በትክክል ረስቻለሁ፣ ጳውሎስ ያለው ግን ያንን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለጓደኛዬ በስልክ እላለሁ፣ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ይከታተላል፣ ፊደል እንኳን ብስት ያስቆመኛል። አንድ ቅዳሜ ተራው ከ2፥12 እስከ 18 ነበር። ከመጀመሬ በፊት ግን ሥራ ቦታ ስላለ አንድ ሰው ማውራት ጀመርኩ፣ ሥራ እየጣለብኝ እሱ እንደሚመሰገን፣ አለቃው ፊት ድምፁ እንደሚለወጥ፣ ምናምን፣ ሳላስበው 20 ደቂቃ ሄደ። ከዛ "እሺ ልጀምር" ብዬ ሰባቱንም ቁጥር ያለ አንድ ስህተት አወረድኩት። እንደዛ ብዬ አላውቅም። ጓደኛዬ ዝም አለ።

"ቁጥር 14ን ድገማት" አለኝ።

"ሳታንጎራጉሩና ክፉ ሳታስቡ ሁሉን አድርጉ" አልኩ።

"እስቲ አሁንም።"

ደገምኩ። "ምን ሳትኩ? 'ና'ዋ ናት?" አልኩት፣ የምሬን ነው፣ ካርዱን አውጥቼ እያየሁ ነበር።

"ምንም አልሳትክም፣ ፍጹም ነው" አለኝና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘግቼ ስለሱ ስንት ነገር እንዳጉረመረምኩ አልነግራችሁም።

አስቡት፣ ቃሉንም የማጉረመርመው በዚሁ አፍ ነው፣ ብሶቴንም በዚሁ አፍ፣ አማርኛው ራሱ ቃሉን አልለየልኝም። የግሪኩ ደግሞ "ጎንጉስሞስ" ነው፣ ድምፁ ራሱ ያንጎራጉራል፣ ዘጸአት 16 ላይ እስራኤል በምድረ በዳ ሲያንጎራጉሩ የግሪኩ ብሉይ ኪዳን የተጠቀመበት ቃል ነው። ጳውሎስ ይህንን የጻፈው ታስሮ ነው፣ ምዕራፍ 1 ላይ ስለ እስራቱ ደጋግሞ ያነሳል፣ ውጭ ደግሞ እሱን ለመጉዳት ብለው የሚሰብኩ ሰዎች አሉ። ሥራ የሚጥልበት ባልደረባ ቢኖረው ምን ይል ነበር ብዬ አስቤ አፈርኩ።

ከዛ ቀን በኋላ የ2፥14 ካርድ ጀርባ ላይ ባጉረመረምኩ ቁጥር አንድ መስመር መጫር ጀመርኩ። የልቤን ከቆጠርኩ ካርዱ ስለማይበቃ ከአፌ የወጣውን ብቻ። የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ሳይሆን 11 ደረሰና መቁጠር አቆምኩ። ሁለተኛው ቀን 9። ሦስተኛው ቀን ዜሮ፣ ካርዱን ቤት ረስቼው ስለወጣሁ። ሁለት ወር ሆነው አሁን፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ላይ ነው ያለሁት፣ ግን ቁጥሩን አትመኑት፣ ግማሹ የቀነሰው መስመር ላለመጫር ዝም ስለምል ነው፣ ጓደኛዬ ደግሞ "ዝምታህ ራሱ ያጉረመርማል" ይለኛል። የተለወጠ ነገር ካለ ድሮ ከተናገርኩ በኋላም አልሰማውም ነበር፣ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ድምፄን እሰማዋለሁ፣ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን እዛው እተወዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እየሰማሁት እጨርሰዋለሁ።

"ይዣለሁ" የሚለው ላይ የተከራከርኩት ለዚህ ነው። ለጓደኛዬ 90 ይዣለሁ ስለው "እሺ፣ የያዙህስ ስንት ናቸው?" አለኝ። (ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ፣ ሰው ከፈለጋችሁ እንደዚህ ያለ ፈልጉ፣ "ጎበዝ በርታ" ብቻ የሚል አይጠቅማችሁም።)

ምዕራፍ 4 ደግሞ ገና በሁለተኛው ቁጥር አቆመኝ። "ኤዎድያንን እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ በአንድ አሳብ በጌታ እንዲስማሙ።" ለመያዝ ቀላል ናት፣ በአንድ ቀን ያዝኳት፣ ችግሩ እሱ አልነበረም። "እመክራለሁ"ን ሁለት ጊዜ ነው ያላት፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ማን እንደጀመረው አይናገርም፣ ቁጥር 3 ላይ ደግሞ ሁለቱም በወንጌል አብረውት የተጋደሉ እንደሆኑ ይናገራል። አብረው ያገለገሉ ሰዎች ናቸው የተጣሉት። እኔም አብሬው የማገለግል አንድ ወንድም አለ፣ 4 ወር ሆነን፣ ጠብ አይባልም፣ ሰላም እንባባላለን፣ በቃ ከሰላምታው አናልፍም። ቁጥሯን በደገምኩ ቁጥር በሁለቱ ስሞች ምትክ ሁለታችን እየገባን አስቸገረኝ። ጓደኛዬ ይህንን አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ በሱ ማሳበብ አልችልም።

አንድ ማታ ለዚያ ወንድም ደወልኩለት። "ምነው፣ ደህና ነህ?" አለኝ ደንግጦ፣ እንዲሁ ደውዬለት አላውቅማ። "ደህና ነኝ፣ ያን ጊዜ ስለዘጋሁህ ይቅርታ ልልህ ነው" አልኩት። ከዚህ የረዘመ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ፣ ለ90 ቁጥር የሚበቃ አፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ተያዘ። ትንሽ ዝም ተባባልን። "እሺ፣ እናወራለን" አለኝ። ስልኩን ሳይ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይላል።

እስካሁን አላወራንም። ሰኞ 4፥10ን እጀምራለሁ፣ የቀሩት 14 ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቃት "ሁሉን እችላለሁ" አለች፣ ከሷ በፊት ግን "የምኖርበት ኑሮ ይብቃኝ ማለትን ተምሬአለሁና" የምትለው 4፥11 ቆማለች፣ እሷ ላይ ብዙ የምቆይ ይመስለኛል። የ4፥2 ካርድ እንደ ሕጉ ቢሆን ወደ የየሳምንቱ ሳጥን ካለፈች ቆየች፣ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እላታለሁ፣ ግን አላሳለፍኳትም፣ ለጊዜው የየቀኑ ውስጥ ናት።