ውሾች የሚጎትቱት ሸርተቴ

አንኮሬጅ መሀል ከተማ በረዶ በገልባጭ መኪና ሲራገፍ አየሁ። አላስካ ውስጥ! አራተኛ ጎዳና ላይ ክረምቱን ሙሉ ሲጠርጉት የከረሙትን በረዶ፣ አይዲታሮድ የሚባለው የውሻ ሸርተቴ ውድድር ዋዜማ ሌሊቱን መልሰው ያነጥፉታል። ሸርተቴ አስፋልት ላይ አይሄድማ።

የመጣሁት ከሲያትል ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ከካንሰር ተርፈሽ ብርድ ሊጨርስሽ ነው?» ብላኛለች። እሷም አልተሳሳተችም። ግን ኬሞ ላይ እያለሁ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማነበው ስለ ላንስ ማኪ ነበር፤ አገሩን ሳላይ አይወጣልኝም።

ማኪ በአይዲታሮድ የሚወዳደር የሸርተቴ ነጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የጉሮሮ ካንሰር ተገኘበት። ሕክምናው የምራቅ ዕጢዎቹን ስለጎዳው የውሃ ኮዳ ከእጁ አይለይም ነበር። በ2002 ሆዱ ላይ የምግብ ቱቦ እንደተተከለ ውድድሩን ጀመረ፤ አልጨረሰም። ከዚያ ከ2007 እስከ 2010 አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣ። በ2022 ግን በካንሰር ሞተ። ሞቱን ትቼ ባወራ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ለታመመ ሰው ግን ግማሽ ታሪክ አይነገርም።

ቅዳሜ ጠዋት የከተማው ጩኸት ሌላ ነው። ውሾቹ ከሸርተቴው ጋር ከታሰሩ በኋላ ያብዳሉ። ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ፣ ገመዱን ይነክሳሉ። ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ይንሸራተታሉ። ነጂው ሲለቃቸው ግን ጩኸቱ ቁርጥ! እግርና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከጎኔ የነበረ ሽማግሌ እንዳስረዳኝ ይሄ ለሕዝብ ማሳያ ነው። እስከ ኖም ድረስ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው እውነተኛው ጉዞ የሚጀመረው በማግስቱ ነው። ኖም እ.ኤ.አ. በ1925 ዘጊ አነዳ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ገብቶባት መድኃኒቱ በውሾች ቅብብል የደረሰላት ከተማ ናት።

ውድድሩን አጥብቀው የሚቃወሙ አሉ፤ በየዘመኑ የሞቱ ውሾች ስላሉ። ክርክሩ ተገቢ ይመስለኛል። እኔ ከሁሉ የገረመኝ ሕጉ ዕረፍትን ግዴታ ማድረጉ ነው፤ አንድ ጊዜ 24 ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስምንት ስምንት ሰዓት። የቸኮለም አያልፈውም።

በማግስቱ ዊሎው አካባቢ ውሻ የምታረባ ሴትዮ ጋ ሄድኩ። ለቱሪስት አጭር ጉዞ ታዘጋጃለች። ከመነሳታችን በፊት የውሾቹን ጫማ ስታስር «ሞክሪ» አለችኝ። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ናት፤ መዳፉን አስገብተሽ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቬልክሮ ታስሪያታለሽ። ቢጠብቅ ደም ያቆማል፣ ቢላላ መንገድ ላይ ይወልቃል። ከኬሞው ወዲህ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል፤ ሸሚዝ መቆለፍ እንኳን ያስቸግረኛል። ውሻው እግሩን ሰጥቶኝ ቆመ። ሌሎቹ ሲቁነጠነጡ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አራቱን ጨርሼ ቀና ስል ሴትዮዋ በጣቷ ጥብቀቱን ፈትሻ አንዱን ፈታ ደግማ አሰረች። «ሦስቱ ጥሩ ናቸው» አለች። ሦስት ከአራት! ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» ሲለኝ የምናደደው ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ስለማርፍ ነው። ስለዚህ ስንመለስ የሚያሳስበኝን ጠየቅኳት።

«መንገድ ላይ የደከመውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ሸርተቴው ላይ ጭኜው እሄዳለሁ። ውድድር ላይ ከሆነ እስከ ጣቢያው ድረስ ነው። እዚያ ለእንስሳት ሐኪሞቹ እሰጠዋለሁ፣ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ቤት ይልኩታል።»

«አይከፋውም?»

ሳቀች። «አብዛኞቹ አውሮፕላኑ ሳይነሳ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»