ጥገኛ

ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እማዬ ቡና አፍልታለች፤ አባባ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደጅ ያለው በረዶ ዓርብ ከወረደ ጀምሮ ሳይቀልጥ ጠቁሯል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጥር ወር እንዲህ ነው፤ ብርሃኑ ራሱ የደከመው ይመስላል። እኔም ከጠዋት አንሥቶ ምክንያቱን የማላውቀው ክብደት ደረቴ ላይ ተጭኖኝ ነው የዋልኩት። የአባባን ካፖርት ልሰቅል ሳነሣው ከኪሱ የተጠቀለለች ፎይል ወደቀች። ፈታኋት። ውስጧ ግማሽ ኪኒን አለ። ነጭ ናት፤ በወጥ ቤት ቢላ መቆረጧን የተሸረፈው ጠርዟ ይናገራል፤ ዱቄቷም በፎይሉ መታጠፊያ ላይ ተበትኗል። የደም ግፊት ኪኒናቸው ናት። ሐኪሙ ያዘዘላቸው በቀን አንድ ሙሉ ነው።

ምንም አልተናገርኩም። መልሼ ጠቅልዬ ካገኘሁበት ኪስ ከተትኳትና ቡናዬን ልጠጣ ተቀመጥኩ። ኪኒኗ ውድ አይደለችም፤ ከሚወስዷቸው ሁሉ ርካሿ እርሷ ናት። ይህንንም አባባ ያውቃሉ፤ ፋርማሲ አብረን ሄደን ደረሰኙን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አንብበውታል። ታዲያ ምኑን ነው የሚቆጥቡት እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ ሐሳቤ በኅዳር ወር ወደተደረገው የስልክ ጥሪ ሄደ።

ወላጆቼ የመጡት ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በእኔ ዜግነትና በእኔ ፊርማ፣ ግሪን ካርድ ይዘው። በገቡ በ60 ቀን ውስጥ ካልተመዘገቡ የዓመቱን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ እንደሚኖርባቸው ሰምቼ ስለነበር፣ የኢንሹራንስ ማመልከቻውን የሞላሁት ሻንጣቸው ገና ተፈትቶ ሳያልቅ ነበር። ያኔ የነበረው አሠራር ለእነርሱ የሚመች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ፣ በሕጋዊ መንገድ ገብተው ሳለ አዲስ መጤ በመሆናቸው ብቻ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ የተከለከሉ ሰዎች፣ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች ቢሆንም እንኳ በመንግሥት ድጎማ መድን እንዲገዙ ይፈቅድ ነበር። አባባም እማዬም በየስማቸው ካርድ ደረሳቸው። አባባ ካርዳቸውን ከመታወቂያቸው ጋር ይዘውት ይዞሩ ነበር፤ አንድ ቀን ለእማዬ እያሳዩ «በስሜ ነው» ሲሏት ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ያንን በር ዘጋው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች ለሆነና በስደተኝነታቸው ሜዲኬይድ ለማይፈቀድላቸው ሰዎች ይሰጥ የነበረው ድጎማ ተነሣ። ደብዳቤው በመከር ደረሰን። ያለ ድጎማ ለሁለቱ በወር የሚጠየቀው ገንዘብ ከቤት ኪራዬ ብዙም የማይርቅ ሆኖ አገኘሁት፤ መድን የሚሸጡት ድርጅቶች ለአረጋዊ ሰው የ21 ዓመት ወጣት ከሚከፍለው እስከ 3 እጥፍ እንዲጠይቁ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል።

ብዙ ሰው «65 ዓመት አልፏቸው የለም ወይ፤ ሜዲኬር ለምን አያገኙም?» ይለኛል። ሜዲኬርን፣ ለአረጋውያን የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ለማግኘት ግን ሰውየው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል፣ እዚህ ሠርቶ ግብር መክፈል አለበት። ከእኔ ደመወዝ 1.45 ከመቶ ለሜዲኬር ሲቆረጥ 14 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ሳንቲም ለእነርሱ አትቆጠርም። ያልሠራ ሰው 5 ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ በገንዘቡ ሊገዛው ይችላል፤ በ2025 ዋጋ ሙሉ ክፍያው የሆስፒታሉ ክፍል በወር 518 ዶላር፣ የሐኪሙ ክፍል ደግሞ 185 ዶላር ነበር፤ ለአባባና ለእማዬ ሲደመር 1,406 ዶላር። ሜዲኬይድንም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ አብዛኛውን ባለ ግሪን ካርድ 5 ዓመት ያስጠብቃል። አባባ ያን ጊዜ 77 ዓመት ይሆናቸዋል። ደም ግፊት 5 ዓመት ጠብቅ ቢባል የሚጠብቅ በሽታ አይደለም።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ በታክሴ ላይ እነርሱን ማስመዝገብ። ከግማሽ በላይ የሆነውን ኑሯቸውን የምደጉም እኔ ከሆንኩ፣ የየራሳቸውም ገቢ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን ካላለፈ፣ እኔ፣ ልጄ፣ አባባና እማዬ እንደ አንድ ባለ 4 ሰው ቤተሰብ እንቆጠራለን። መጠኑ እ.ኤ.አ. ለ2025 5,200 ዶላር ነበር፤ አባባ ከአገር ቤት የሚያገኟት የመምህርነት ጡረታ ወደ ዶላር ስትለወጥ ለሳምንት አስቤዛ አትበቃም። እንዲህ ሲሆን የሚለካው የእኔ ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለ4 ሰው ከተቀመጠው የድህነት ወለል፣ ከ32,150 ዶላር፣ ይበልጣል፤ ከ4 እጥፉ፣ ከ128,600 ዶላር፣ ያንሳል። ድጎማው ይመለሳል። ሌሊት ለሌሊት ወረቀት ሳገላብጥ ይህንን ያገኘሁ ቀን ብቻዬን በወጥ ቤት ቆሜ አልቅሻለሁ፤ የደስታ ነበር።

ከዚያ ጥሪው መጣ። አመልካቾቹ ራሳቸው መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ስላሉ አስተርጓሚ ተመደበልንና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አስተርጓሚዋ ትሕትና ያላት ወጣት ትመስላለች፤ አባባን «አባቴ» እያለች ነበር የምትጠራቸው። የትውልድ ቀናቸውን ጠየቀቻቸው፤ በእኛም በፈረንጁም ነገሯት። አድራሻ ጠየቀቻቸው፤ መለሱ። ቀጥላ፣ የመድን ቢሮው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ያለችውን በአንድ ትንፋሽ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ «አባቴ፣ እርስዎ የልጅዎ ጥገኛ ነዎት?»

አባባ ዝም አሉ። ሲኒው እጃቸው ላይ ነበር፤ ወደ ስኒው ማስቀመጫ ሊመልሱት ሲሉ ግን እጃቸው መሀል ላይ ቆመ። «እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ። ደገመችላቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ ያልሰሙ መስሏት ጮክ አድርጋ። እማዬ አንገቷን ደፋች። «እንግዲህ ካላችሁ፣ ነኝ» አሉ አባባ፤ ሲኒውንም አስቀመጡት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም። ልጅቷን አልወቅስም፤ መዝገበ ቃላቱም፣ የመንግሥት ቅጾቹም፣ ታክስ የሚሞሉልን ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አባባ ከ30 ዓመት በላይ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ጥገኛ ማለት ምን እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈዋል። የኮሶ ትልን፣ ወስፋትን፣ መዥገርን በቀለም ጠመኔ እየሣሉ አስተምረዋል። ማታ ላይ፣ ሁላችንም ልንተኛ ስንል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛ ይህን ቃል ከሰው አንጀት ተጠግቶ ሰውየውን እያከሳ ለሚኖር ነገር ነበር የምንለው» አሉኝ። ቀጥለውም «‹አባል› የሚባል የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ሲሉ እድራቸው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ ገባኝ። አገር ቤት ያለውን እድር እስከ ዛሬ በአክስቴ ልጅ በኩል ይከፍላሉ፤ አንድ ወር እንዲያልፍ አይፈልጉም። በእድር ሰው አባል ነው። ስሙ ይጠራል፣ ሲቀር ይቀጣል፣ ሲያዝን ድንኳን ይተከልለታል። መድን ማለት ለእርሳቸው ያ ነው። አዲሱ የኢንሹራንስ ካርድ በዚህ ወር ሲደርስ በላዩ ላይ የአባል ቁጥር የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበት አየሁና ሮጬ አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ይሄ የካርዱ ነው» ብለው መለሱልኝ። እንደ መጀመሪያው ካርድ በኪሳቸው አልያዙትም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ሌላም አለ፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ደጋግሞ የሚመጣብኝ። እኔ ራሴ ወደዚህ አገር የገባሁት በዚሁ ቃል ነው። ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ ጥገኝነት ተሰጠኝ። አንድም ቀን አላፈርኩበትም፤ እንዲያውም ደብዳቤው የደረሰ ቀን ዘመዶቼ በስልክ እልል ብለውልኛል፤ አባባም በዚያ እልልታ መሀል ነበሩ። የ1996ቱ ሕግ ጥገኝነት ያገኙትን ከ5 ዓመቱ ጥበቃ ነፃ ያደርግ ስለነበር የሜዲኬይድ ካርድ ወዲያው ተሰጥቶኝ ልጄን በእርሱ ወለድኩ። እኔ ማንም ሳይፈርምልኝ፣ በር አንኳኩቼ መጥቼ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። እነርሱ ደግሞ ተጠርተው፣ ተፈርሞላቸው፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ምርመራ አልፈው መጡና ጠብቁ ተባሉ። ቃሉ እኮ ከመጠጋት የመጣ ነው። ሰው ሲመሽበት ወደ ዘመዱ ይጠጋል፤ ብርድ ሲሆን ወደ እሳት ይጠጋል። እኔ ስጠጋ ክብር የነበረው ቃል እርሳቸው ወደ እኔ ሲጠጉ እንዴት የትል ስም ሆነ? ልጅ ሆኜ ትኩሳት በያዘኝ ሌሊት፣ ከደሞዛቸው በፊት ተበድረው በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ሲወስዱኝ፣ ማን ነበር ያኔ ይህን ቃል አምጥቶ እኔ ላይ የለጠፈው?

ከኅዳር ወዲህ በቤታችን ትንንሽ ነገሮች ተለውጠዋል። የእነርሱ ክፍል ማሞቂያ ማታ ማታ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ሁለተኛ እንጀራ ሲቀርብላቸው «በቃኝ» ይላሉ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ «አሁን ደኅና አያለሁ» ብለው አስቀሩት። ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል ብዬ ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው፤ «ገባኝ» አሉ፤ አልሄዱም። ከልቡ አስተማሪ የሆነ ሰው «ገባኝ» ሲል እውነትም ገብቶት ነው። የገባቸው ግን እኔ ያስረዳሁት አይመስለኝም።

በገና ሰሞን ደግሞ ስፖንሰር ስሆን የፈረምኩትን ወረቀት ቅጂ ጠየቁኝ፤ «እንግሊዝኛዬን ልለማመድበት» ብለው። ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ገቢዬ ከድህነት ወለል ቢያንስ 125 ከመቶ መሆኑን አረጋግጬ እነርሱ መንግሥትን እንዳያስቸግሩ የገባሁት ቃል ኪዳን ነው፤ በሕግ የሚያስጠይቅ። መዝገበ ቃላታቸውን ይዘው ለሁለት ሳምንት አጠኑት። ትናንት ክፍላቸውን ሳስተካክል አልጋቸው አጠገብ ተከፍቶ አየሁት። ግዴታዬ መቼ እንደሚያበቃ የሚዘረዝረው ቦታ ላይ ነው የተከፈተው፤ የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ 40 ሩብ ዓመት ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለዘለቄታው ለቅቆ ሲሄድ፣ ወይም ሲሞት። አባባ በእርሳስ፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ፣ በየመስመሩ ጎን ምልክት አድርገዋል። በዜግነቱ ጎን 5 ብለው ጽፈዋል። በ40 ሩብ ዓመቱ ላይ የኤክስ ምልክት አለ። ለቅቆ በመሄዱ ጎን ደግሞ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ የራይት ምልክት አለ።

ወረቀቱን እንደነበረ ተውኩት። ትናንት ማታ ራት ላይ፣ ዛሬም የደገሙትን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሡት፤ ወደ አዲስ አበባ ትኬት አሁን ስንት ነው አሉኝ። «ለፍልሰታ አገሬ ብገኝ ደስ ይለኛል» አሉ። እማዬ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እርሷም የሰማችው ገና ያኔ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቡና ላይ መልሰው ጠየቁኝ፤ የደርሶ መልስ ነው ወይስ የመሄጃ ብቻ ብዬ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ብጠይቃቸው ናፍቆት ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ናፍቆት ይሆናል፤ በ72 ዓመት ከሰፈሩ የተነቀለ ሰው ቢናፍቅ አይደንቅም። ግን ከፋሲካ እስከ ኅዳር አንድም ቀን ስለ መመለስ ያላነሡ ሰው፣ ናፍቆቱ የጀመራቸው በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ቃል በኋላ ነው?