ጥሩሩና የአባዬ ሜትር

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሳሎኑ መሬት ላይ ነኝ። ጉልበቴ ቀልቷል፤ ጣቶቼ ላይ ሙጫ ደርቋል። ሶፋው ላይ የፕላስቲክ ጥሩሬ ክፍሎች፣ ነጭ ደረት፣ ነጭ ጀርባ፣ ሁለት ጭን፣ ሁለት ቅልጥምና አንድ ራስ ቁር ተደርድረዋል። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ልጻፈው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ስንኖር ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚው ላይ ተጣበን እናያለን። ሌሎቹ ልጆች ጀግናውን ይመርጣሉ። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ግን ነጭ ጥሩር ለብሰው በሰልፍ የሚሄዱት የጠፈር ወታደሮች ላይ ነበር። ይሄን ልብስ ማን ሰፋው እያልኩ አስባለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኛ።

ዘንድሮ ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ያንን ነጭ ጥሩር በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት የጠበቅኩት ዓይነት ልብስ አልነበረም። ዳራቸው ያልተቆረጠ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ነጭ ቅርፊቶች ናቸው። ግማሽ ክንድ እዚህ፣ ግማሽ ጭን እዚያ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሳሳ ያለ የፕላስቲክ ጠፍጣፋ ይሞቃል። ሲለሰልስ ቅርጹ ላይ ይጣላል። ከስር አየሩ ተመጦ ሲወጣ ፕላስቲኩ ቅርጹ ላይ ጥብቅ ብሎ ይለጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዙሪያውን የሚተርፍ ጠርዝ ይኖራል። እሱን መቁረጥና መገጣጠም የባለቤቱ ሥራ ነው። ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ይባላል። የሌጎ መጫወቻ ጡቦች ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩት ከእሱ ነው።

ችግሩ መጠኑ ነበር። የተሠራው 1 ሜትር ከ80 አካባቢ ለሚሆን ወንድ ነው። እኔ 1 ሜትር ከ60 ነኝ። ደረቱን ይዤ መስታወት ፊት ስቆም አንገቱ አገጬን ነካ። የሆዱ ክፍል ጭኔ ላይ ወረደ። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ አየኝና "ዳዊት በሳኦል ጥሩር" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ በረንዳው መለሰ።

ስለ አባዬ ትንሽ ልበል። 40 ዓመት መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፍቷል። ሱፍ፣ ካፖርት፣ የተማሪ ዩኒፎርም። የዓይን ሞራ ሲይዘው ሥራውን ተወ። በቀዶ ሕክምና ዓይኑ ተመለሰለት፤ በዚያ መሃል ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው። ሲንጀር መኪናው ቱሉ ዲምቱ ድረስ አብሮን መጥቶ፣ ዳንቴል ለብሶ መስኮቱ ስር ተቀምጧል። ኮንዶሚኒየሙ ከገባን ወዲህ አባዬ አብዛኛውን ቀን በረንዳው ላይ ነው። ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚገቡትን መኪኖች ያያል። ስለ ሙያው አያነሳም። እኔም እንዳይከፋው ብዬ አልጠይቅም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻዬን ሞከርኩ። ኤቢኤስ በመቀስ ብቻ አይቆረጥም። ከተሩን መስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስኬድ ነው። ከዚያ ማጠፍ። ጠቅ ይልና በመስመሩ ይለያል። ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ደስ ይላል። ኩርባው ላይ ግን ትዕግስት ይፈልጋል። በትንሽ በትንሹ እየቆራረጡ መጠጋት ነው። እኔ ቸኮልኩ። የግራውን ቅልጥም ሳጥፈው ስንጥቁ ከመስመሩ ወጥቶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ሌላ ቅልጥም የለኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ ተነስቶ መጣ። ቅልጥሙን አነሳና በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ዳበሰ።

"ለክተሻል?"

"ለክቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ፕላስቲኩን።"

"እግርሽንስ?"

ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለካ የነበረው ፕላስቲኩን ነው። ራሴን አንድም ጊዜ አልለካሁም።

ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ መሳቢያውን ሳበ። ሜትሩን አወጣው። ቢጫው ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተፋፍቀው ጠፍተዋል። አንገቱ ላይ ጣል አደረገው። ሜትር አንገቱ ላይ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው። "ቁሚ" አለኝ። "ቀጥ በይ። ትንፋሽሽን አትያዢ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ልብሱ ይጠበዋል።"

ለመጨረሻ ጊዜ የለካኝ 9ኛ ክፍል ስገባ ለዩኒፎርም ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ፈለገው። አለ። ስሜ፣ ከስሩ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ በእሱ በተጋደመ ጽሕፈት። ከጎኑ "2 ጣት ትርፍ፣ ታድጋለች" የሚል አለ። ሳነበው ጉሮሮዬን ያዘኝ። እሱ አዲስ ገጽ ገለጠና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ እይዛለሁ፤ ቁጥሩን እሱ ያነባል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከትከሻ እስከ ወገብ። ከወገብ እስከ ጉልበት። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት። የጭን ዙሪያ ቆሜ፣ የጭን ዙሪያ ተቀምጬ። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የሁለታችን ነው።

የሆዱን ክፍል ከታች ላሳጥረው ነበር ያሰብኩት። አባዬ አስቆመኝ። ከታች በኩል በፕላስቲኩ ላይ የወጡ ቁልፎች አሉ፤ ከተነኩ መልኩ ይበላሻል። "የኮት እጅጌ የሚከፈት ቁልፍ ካለው ከታች አይነካም" አለኝ። "ከትከሻው ተፈትቶ ነው የሚያጥረው። ማሳጠር ከማይታየው በኩል ነው።" ለካ የሆዱ የላይኛው ጠርዝ ከደረቱ ስር ነው የሚገባው። ከዚያ 4 ሴንቲ ቆረጥን። አሁን ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ልብስ ብዙ አንብቤያለሁ። ይህን ነገር ግን በእጁ ፕላስቲክ ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነው ያየው።

ኮት ሲሰፋ መጀመሪያ በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ይያያዛል። ደንበኛው ይለብሰዋል፤ ከዚያ ነው መኪና የሚነካው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ገዛሁና ሁሉንም ሰውነቴ ላይ አያያዝነው። "እጅሽን አንሺ። ጎንበስ በይ። ደረጃ ውጪ።" በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚወጋኝን ቦታ ይጠይቀኛል። ነጭ ጠመኔው ነጩ ፕላስቲክ ላይ አልታይ አለው። ከቆርቆሮው ውስጥ ሰማያዊውን ፈልጎ አወጣ። ብብቴ ስር፣ ከጉልበቴ በላይ፣ ክርኔ ውስጥ ሰማያዊ መስመሮች ሞሉ። ጨርቅ ከሰውነት ጋር ይተጣጠፋል። ይሄ አይተጣጠፍም። ግማሽ ሴንቲ የተረፈች ጠርዝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆዳ ትልጣለች።

የተሰነጠቀውን ቅልጥም ያዳንኩት በራሱ ቁርጥራጭ ነው። ኤቢኤስ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው በአሴቶን ይሟሟል። ቁርጥራጮቹን አድቅቄ የጃም ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ አሴቶን ጨመርኩበትና ክዳኑን ዘግቼ አሳደርኩት። ጠዋት እንደ ወፍራም አጥሚት ሆኗል። በረንዳ ላይ ነው የሠራሁት፤ ሽታው ከባድ ነው፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ከስሩ አንድ ቁራጭ ደግፌ ስንጥቁን ሞላሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በውኃ አሸሁት። ወፍራሙን፣ ከዚያ ቀጭኑን፣ ከዚያ በጣም ቀጭኑን። አሁን ቦታውን በጣት እንጂ በዓይን አይለዩትም።

ክንዶቹ ሰፍተውብኝ ስለነበር ማጠፍ ነበረብኝ። ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ ሙቀት ነው የሚሠራው። የእኛ መብራት ደግሞ አይታመንም። ከሰል አቀጣጥዬ ድስቱን ጣድኩ። እዚህ ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ኤቢኤስ ሙሉ በሙሉ ለመለስለስ ደግሞ 105 ገደማ ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ለእኔ በጀኝ። የፈላው ውኃ ፕላስቲኩን አያፈርሰውም፤ ትንሽ ብቻ ያግራራዋል። ወፍራም ጓንት አድርጌ ከደቂቃ በኋላ አወጣዋለሁ፣ ገፋ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ጥቂት ሚሊ ይታጠፋል። እንደገና። ለአንዱ ክንድ ስምንት ጊዜ ያህል ተመላለስኩ።

ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ ጠርዝ ለጠርዝ ነው የሚገጥሙት። ከላይ ደግሞ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይለጠፋል። ለክንድ 15 ሚሊሜትር፣ ለእግር ፊት 20። አባዬ ሲያየው "ጥለት ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ጥለት ነው የምንለው። ሙጫው በደንብ እስኪይዝ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። የልብስ መቆንጠጫውን ሁሉ ከገመዱ ላይ ለቅሜ ጨረስኩ። አልበቃም። አባዬ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የሚለቅምበትን ማግኔት ሰጠኝ። አንዱን ከውስጥ፣ ሌላ ትንሽ ማግኔት ከውጭ። ጥብቅ አድርጎ ያዘው። በረንዳ ላይ ሲያድር ጠዋት የሚመታው ፀሐይ እንዳያቢጨው የድሮ ነጠላ አለበስነው።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። የቀረን ላስቲኮቹን መስፋት ብቻ ነበር። ደረቱን ከጀርባው፣ ትከሻውን ከክንዱ የሚይዙት ላስቲኮች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ጫን ሲሉት ጠቅ የሚል ቁልፍ አለ። ነገ በእጅ እሰፋዋለሁ ብዬ ላስቀምጠው ስል አባዬ ተነሳ። ዳንቴሉን አንስቶ አጣጠፈው። ሲንጀሩ በእግር የሚረገጥ ነው፤ መብራት አይጠይቅም። ዘይት አጠጣው። ጎማው ደርቆ ስለነበር አጠበቀው። መርፌው ላይ ክሩን እኔ አስገባሁለት። በሻማ ብርሃን፣ በቀስታ፣ እግሩ ረገጥ፣ ቆም። ረገጥ፣ ቆም። እጁ ሲንቀጠቀጥ ይጠብቃል፤ ሲረጋ ይቀጥላል። ስድስት ላስቲክ ለመስፋት ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስፌቱ ጫፎቹ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ታስሯል፣ ድሮ እንደሚያደርገው። ያ ድምፅ በልጅነቴ ያስተኛኝ ነበር። ሐሙስ ግን አንድም ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

ዛሬ ማታ ሙሉውን ለበስኩት። ከስር ጥቁር ልብስ፣ ከላይ እግሮቹ፣ ጭኖቹ፣ ሆዱ፣ ደረቱ። ከእግር ነው የሚጀመረው፤ ደረቱ ከገባ በኋላ ጎንበስ ማለት የለም። የራስን ጀርባ ደግሞ ማንም ለራሱ አይቆልፍም። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ጠቅ። ጠቅ። አንዱ እምቢ ሲለው በመዳፉ ደገፈኝና እንደገና ጫነው። ራስ ቁሩን ሳጠልቅ ጎንና ጎኑ ጠፋብኝ። የሚታየኝ በሁለቱ ቀዳዳዎች ትይዩ ያለው ብቻ ነው። የጎረቤታችን ልጅ በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። ቀስ ብሎ ገባና በጣቱ ደረቴን አንኳኳ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዞረኝ። ሁለተኛ ዞረኝ። ከፊቴ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።

"የግራው ትከሻ ግማሽ ሴንቲ ወርዷል" አለ። "አውልቂው።"

ሰማያዊውን ጠመኔ አንስቶ እየጠበቀኝ ነበር።