ባንጋሎር፦ በቲኬት መስኮት ፊት ያለቀው ጠዋት

እናቴን ለማሳከም ደቡብ ሕንድ ባንጋሎር በቆየሁባቸው ሳምንታት ከምርመራ ነጻ የሆነ አንድ ሙሉ ቀን አገኘንና የከተማዋን ጥንታዊ ስፍራዎች ላሳያት ተነሣሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን እንደዚያ ባላበላሸሁት ነበር።

ላልባግ ጠዋት 12 ሰዓት ስለሚከፈት ፀሐይ ሳትበረታ ደረስን። የማይሶር ገዥ የነበረው ሃይደር አሊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1760 ያስጀመረው፣ ልጁ ቲፑ ሱልጣን ደግሞ ከሌሎች አገሮች ባስመጣቸው ዕፅዋት ያበለጸገው ይህ የአትክልት ስፍራ 240 ኤከር ያህል ስለሚሰፋ፣ አቅሙ የደከመ ሰው የመስታወቱን ቤትና 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ዓለት ካየ ይበቃዋል። በጥርና በነሐሴ የአበባ ትርኢት ሰሞን መሄድን የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ታማሚ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግፊያ የሌለበትን ተራ ቀን እመርጥለታለሁ።

ቀናችንን የበላው የአንድ ስፍራ ቲኬት መስኮት ነው፤ የስፍራውን ስም ልተወው። የውጭ አገር ሰው ዋጋ ከሕንዳዊው ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑን አውቄ ስለመጣሁ ክፍያው አላስከፋኝም። ያናደደኝ ገንዘቡን የሚቀበለኝ ማጣቴ ነው። ሠራተኛው ቀና እንኳ ሳይል መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ኮድ በጣቱ እየመታ «ኦንላይን» አለኝ። በስልኬ ስከፍተው የሕንድ ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፤ በሆቴሉ ቁጥር ሞልቼ ካርዴን ሳስገባ ደግሞ ማረጋገጫው አዲስ አበባ ወደቀረው ሲም ካርዴ ተላከ። አምስት መቶ ሩፒ አውጥቼ የጋንዲን ምስል እያሳየሁ «ይህ የአገራችሁ ገንዘብ አይደለም ወይ?» ብዬ ተከራከርኩ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣና እሱም ያንኑ ወረቀት በጣቱ መታልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀምረው ነበር። እናቴ ጥላ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ተወው ልጄ፣ ሰውዬው የታዘዘውን ነው የሚያደርገው» ብትለኝም እልህ ይዞኝ አልሰማኋትም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከሰልፉ አንድ ተማሪ ወጥቶ በራሱ ስልክ ከፈለልንና ጥሬ ገንዘቡን ከእጄ ተቀበለ፤ ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ «አስቀድማችሁ በድረ ገጽ ግዙ» የሚለውን መመሪያ የእኛ አገር ካርድ የያዘ ሰው አይመነው፤ ዝርዝር ገንዘብ ይያዝና ገና ሲደርስ አንድ ሕንዳዊ ይለምን። እኔ ለመለመን ኮርቼ ነበር።

ከቤተ መንግሥቶቹ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ሰው፣ በ1791 የተጠናቀቀውን ባለ አንድ ፎቅ የቲፑ የበጋ ቤተ መንግሥት ይምረጥ፤ የእንግሊዝ ግንብ ከሚመስለው ከባንጋሎር ቤተ መንግሥት ይልቅ የእንጨት ዓምዶቹ ዓይን ይይዛሉ።

ወደ በሬው መቅደስ የደረስነው እየተጣደፍን ነው። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበውና በዘይት ብዛት የጠቆረው በሬ ቁመቱ ከአራት ሜትር በላይ ነው፤ የገበሬዎችን ለውዝ እየበላ ያስቸገረ በሬ እንዲበርድለት መቅደሱ ተሠራለት ይባላል፣ ዛሬም በዓመት አንድ ጊዜ የለውዝ ገበያ በዙሪያው ይቆማል። እናቴ ማንም ሳይነግራት ከደጁ ጫማዋን አውልቃ ቆማ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የጓጓሁት ግን በአቅራቢያው ላለው የጋቪ ጋንጋዳሬሽዋራ የዋሻ መቅደስ ነበር፤ በጥር መጀመሪያ የምትጠልቅ ፀሐይ በሌላ የድንጋይ በሬ ቀንዶች መካከል አልፋ ውስጥ ድረስ የምትገባው እዚያ ነው። በደቡብ ሕንድ ብዙ መቅደሶች ቀትር ላይ ተዘግተው ወደ ማምሻው እንደሚከፈቱ ግን አላጣራሁም። መቅደሶቹን በጠዋት ጨርሼ ቤተ መንግሥቱን ለከሰዓት ማቆየት ነበረብኝ። ስንደርስ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ እስኪከፈት እንዳንጠብቅ እናቴ ደክማለች፣ በማግስቱም ሆስፒታል ትገባለች። በፍርግርጉ መካከል ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሁለት ክብ ድንጋዮች አይቼ ባጃጅ ጠራሁ።