ዘሩ ከተነሣ በኋላ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ዝናቡ ይሁን፣ በዓሉ አልፎ ቤቱ ጭር ማለቱ ይሁን፣ መጀመሪያ ላይ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም ነበር። አሁን ሌሊቱ ሲገፋ ግን የከነከነኝ ንጋት ላይ ወንዝ ዳር በአዎንታ የነቀነቅሁት ራሴ እንደ ሆነ ገባኝ።

ታላቅ ወንድሜ መስከረም በገባ ቁጥር ወንዝ ካልወረደ ዓመቱ የተለወጠ እንደማይመስለው ታውቃላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከኬንት ከተማ በታች ግሪን ወንዝ ዳር ቆመን ሳለ ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ውሃውን እየሰነጠቀ ይዘላል፤ መንጠቋችንን ግን አንዱም አልነካውም። ራቅ ብሎ ከአገሩ ነባር ነገዶች የአንዱ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው ጀልባቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባችን የነበሩ ሸምገል ያሉ አጥማጅ መረቡን ሲያዩ ቆይተው፣ «ቁጥራቸው ከእፍኝ አይሞላም፤ ዓሣውን ግን ግማሹን ይወስዳሉ። ይህ ፍትሕ ነው?» አሉኝ። ራሴን የነቀነቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቅሬታቸውም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እንደ ወንድሜ ያለ አጥማጅ ፈቃድ ይገዛል፤ የሚወስደውን እያንዳንዱን ሳልሞን በካርዱ ላይ ይመዘግባል። በብዙ ስፍራም የያዘው ቺኑክ የሚባለው የሳልሞን ዓይነት ጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ ያለችው ትንሽ ክንፍ ካልተቆረጠች፣ ማለትም በማራቢያ ጣቢያ የማደጉ ምልክት ከሌለው፣ ወደ ውሃው መልሶ ይለቀዋል፤ መረብ ግን ክንፍ አይቶ አይመርጥም። የየዓመቱን የማጥመጃ ወቅት የዋሽንግተን ግዛትና ነገዶቹ በጸደይ ተቀምጠው ይደራደሩበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በጊዜው መስማማት ስላቃታቸው ፒዩጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ አካባቢ ለመዝናናት የሚያጠምደው ሰው ለሳምንታት ዘንጉን ሰቅሎ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ የቀመሰ ሰው ወንዙ ላይ መረብ ሲያይ ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ነገር ግን የምን ግማሽ ነው? አያቴ እኩል አራሽ ነበሩ። አባቴ ሲያወራ እንደ ሰማሁት፣ እህሉ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ ከአውድማው መጀመሪያ የሚነሣው የከርሞው ዘር ነው፤ ዘሩ ሳይነሣ ቁና የሚያነሣ ሰው አልነበረም፤ ለባለመሬቱና ለአራሹ እኩል የሚሰፈረው ከዚያ የተረፈው ነው። የሳልሞኑም ክፍፍል እንዲሁ ነው። ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ፣ እንቁላሉን ጥሎ የሚሞተው ዓሣ የከርሞ ዘር ነውና አስቀድሞ ይቀነሳል። የነገዶቹ ድርሻ ከተረፈው እስከ ግማሽ የሚደርስ ሲሆን፣ ሌላውን ግማሽ ወንድሜን የመሰሉ ሰዎች ለንግድ ከሚያጠምዱት ጋር ይካፈሉታል። በዘንግ የሚያጠምደው ሰው እጁ የሚገባው ሲያንስበት መረቡን ይወቅሳል፤ በራሱ ወገን ያለውን ሁለተኛውን ክፍፍል ግን ሲያነሣው ብዙም አልሰማሁም።

የግማሹ ነገር የሚጀምረው ዲሴምበር 26 ቀን 1854 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዕለት ገዥው አይዛክ ስቲቨንስ ሜዲስን ክሪክ በተባለ ጅረት አጠገብ የኒስኳሊን፣ የፒያለፕንና የሌሎችንም ነገዶች መሪዎች ሰብስቦ ውል አስፈረማቸው፤ በማግስቱ ወርም ፖይንት ኤሊየት ላይ ሌላ ተመሳሳይ ውል ተፈረመ። ሕዝቦቹ ምድራቸውን ለቀቁ፤ ነገር ግን በልማድ በሚያጠምዱባቸው ስፍራዎች ሁሉ «ከግዛቲቱ ዜጎች ሁሉ ጋር በጋራ» ዓሣ የመያዝ መብታቸው ተጠብቆ እንዲቆይ ተጻፈ። እንጀራዬ ማስተርጎም ስለ ሆነ ይህችን ሐረግ እንዲሁ ማለፍ አልቻልሁም። ውሉ ለሰዎቹ የተነገራቸው ቺኑክ ጃርገን በሚባል፣ ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ባሉት የንግድ መግባቢያ ነው። አስተርጓሚው ቤንጃሚን ሾው ይባላል። እኔ ሙሉ ቋንቋ በእጄ ይዤ፣ አንዲት እናት ስለሚፈርሙት የቀዶ ጥገና ወረቀት ሳስረዳቸው እንኳ ላብ ያጠምቀኛል፤ እርሱ በእነዚያ ጥቂት ቃላት አገርንና ወንዝን እንዴት እንዳስረዳ ሳስበው ይጨንቀኛል።

እኛ ስለ ውጫሌ ስናወራ አንቀጽ 17ን በአማርኛና በጣልያንኛ ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው፤ «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል በራሳችን ፊደል ተጽፎ በእጃችን ነበረ። ኒስኳሊዎች በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። የነበራቸው በጆሯቸው የሰሙትና ለልጆቻቸው የነገሩት ብቻ ነው።

ግዛቱ ሐረጉን እንደ ማንኛውም ሰው፣ ግዛቱ ባወጣው ሕግ ሥር ማጥመድ ነው ብሎ ያዘው። የኒስኳሊው ቢሊ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ዓሣ በማጥመዱ ተያዘ፤ በዕድሜው ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 የፌዴራሉ ዳኛ ጆርጅ ቦልት «በጋራ» ማለት እኩል መካፈል ማለት ነው ብለው ፈረዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በዋናው ነገር ሲያጸና፣ ግማሹ ጣሪያ እንጂ ወለል አለመሆኑን ገለጸ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 5 ቀን 1966 ሆነ። በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመዋል። «መሬት ላራሹ» እያለ ሲሰለፍ የነበረው አባቴ ስለዚህ ወንዝ የሰማው አንዳች ነገር አልነበረም።

ይህን ስጽፍ ግን ቅድም ያነሣሁት አውድማ ራሱ አላስቀምጥ አለኝ። ወንዝ ዳር የምሰማው ሁሉ «ግማሹን ሰጠናቸው» የሚል ነው፤ እኔም ሳላስተውል ነገዶቹን በአያቴ ቦታ፣ ግዛቱን በባለመሬቱ ቦታ አስቀምጫቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1905 ዋይናንስ በተባለው ጉዳይ ላይ የተናገረው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውሉ ለነገዶቹ መብት የተሰጠበት ሳይሆን እነርሱ መብት የሰጡበት ነው፣ ያልሰጡትም በእጃቸው ቀርቷል። እንግዲህ ባለርስቶቹ እነርሱ ናቸው። ግማሹን የተቀበለው «የግዛቲቱ ዜጎች» የተባለው ወገን ነው። እኔም ቀኝ እጄን አንሥቼ የዜግነት መሐላ የፈጸምሁ ዕለት፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ በዚያች ሐረግ ውስጥ ገብቻለሁ። ወንድሜ ኪስ ውስጥ ያለችው ፈቃድ ከዚያ ውል የወጣች እንደ ሆነች እስከ ዛሬ ሌሊት አስቤው አላውቅም።

ደግሞስ የሚካፈሉት ምን ቀርቷል? ሬንተን ውስጥ በየቀኑ በማልፍበት መንገድ አጠገብ ብላክ ወንዝ የሚባል ወንዝ ነበረ፤ የዱዋሚሽ ሕዝብም ዳርቻው ላይ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ለመርከብ ቦይ ሲባል የዋሽንግተን ሐይቅ ሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ ተደረገ፤ ከሐይቁ ይወጣ የነበረው ወንዝም ደረቀ፣ ዓሣውም አብሮት አለቀ። ያደረቀው መረብ አይደለም፤ የወንድሜ ዘንግም አይደለም። የፒዩጀት ሳውንድ ቺኑክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ፍጥረታት ጋር በፌዴራሉ ሕግ ተመዝግቧል። በ2020 ደግሞ ተመራማሪዎች ኮሆ ሳልሞንን እንቁላሉን ሳይጥል ጅረት ውስጥ የሚገድለው፣ ዝናብ ከመንገድ አጥቦ የሚያወርደው ከመኪና ጎማ የሚመጣ ኬሚካል መሆኑን ደረሱበት። ዛሬ ንጋት ሰውዬውም፣ ወንድሜም፣ እኔም ወደ ወንዙ የመጣነው በመኪና ነው፤ ዝናቡም ሲዘንብ አድሯል።

ነገዶቹ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያደረሱት ሌላም ክስ አለ፤ በየመንገዱ ሥር የተቀበሩት የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎች ለዓሣው መንገድ ስለሚዘጉ ግዛቱ እንዲቀይራቸው የታዘዘበት ነው፤ ትእዛዙም እ.ኤ.አ. በ2018 ጸና። ዘር የሌለው ግማሽ ባዶ ቁና መሆኑን የተረዱት አስቀድመው እነርሱ ናቸው። ቱቦው ተነሥቶ በተከፈተው ጅረት ወጥቶ የሚራባው ዓሣ ግን ለመረቡ ብቻ አይደለም፤ ለእኚያ ሽማግሌም መንጠቆ ይደርሳል።

ደብተሬን አውጥቼ ያችን ሐረግ ወደ አማርኛ ልመልሳት ስሞክር ቆየሁ። «በጋራ» ብል መጠኑ አይታወቅም፤ ግዛቱ መቶ ዓመት የኖረበት ክፍተትም እርሱ ነው። «እኩል» ብል፣ ዳኛው ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ የደረሱበትን ቃል ቀድሜ መስጠቴ ነው፤ ስቲቨንስ ያን ቢሰማ ውሉን ይቀበለው ነበርን? «እንደ ቀድሟችሁ ታጠምዳላችሁ፤ እነዚህም ከጎናችሁ ያጠምዳሉ» ብል ሐረጉ ከሚለው ወጥቻለሁ፤ ነገር ግን መሪዎቹ የሰሙት ይህንኑ ይመስለኛል። ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ይዤ በመካከላቸው ብቆምና የሁሉም ዓይን አፌ ላይ ቢያርፍ፣ የትኛውን እናገር ነበር?