አሥራ አንድ ጊዜ የቆላሁት የፓናማ ጌሻ

ትናንት በአሥራ አንደኛው ሙከራ ተሳካልኝ። ስኒውን ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ የአበባ ሽታ መጣ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

ቡናው ጌሻ የሚባለው ዝርያ ነው፣ ከፓናማ ቦኬቴ። የሚበቅለው 3,474 ሜትር ከፍታ ባለው የባሩ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ነው። ዘሩ ግን የእኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 የላ ኤስሜራልዳ እርሻ ጌሻ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ሲሸጥ ስሙ ገነነ።

አፈላሉን ልለፈው፤ ያስቸገረኝ መቁላቱ ነው። ደጋው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ቡናው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬውም ጠጣር ይሆናል። ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቀውም። ምጣዱን በደንብ አግዬ ስጨምረው ላዩ ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ፣ ሲጠጣ ሳር ሳር አለ። እሳቱን ስቀንስ ደግሞ 20 ደቂቃ ፈጅቶ የዳቦ ቅርፊት የሚመስል፣ ምንም መዓዛ የሌለው ነገር ወጣ።

መፍትሔው መጠኑ ነበር። ከ150 ግራም ወደ 80 አወረድኩት። መካከለኛ እሳት ላይ እጄን ሳላሳርፍ አማስላለሁ፤ ፍሬው ቢጫ ሆኖ እንደ ገብስ ቆሎ መሽተት ሲጀምር እሳቱን ከፍ አደርጋለሁ፣ መንጣጣት ከጀመረ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ አውርጄ ሰፌድ ላይ ቶሎ ቶሎ አናፍሰዋለሁ። ከዚያ አንድ ሁለት ፍሬ ለሁለት እሰብራለሁ። የውስጡና የላዩ ቀለም ከተራራቀ አልበሰለም ማለት ነው። ሰዓት ብቻ እያዩ መቁላት ለእኔ ትክክል አይደለም፤ ጆሮና አፍንጫ ይበልጣሉ።

ይህን ቡና ዘይት እስኪያወጣ ማክሰልም ጥፋት ነው ባይ ነኝ። ግን እናቴ ስትመጣ የለመደችውን ጠቆር ያለ ቡና ቆላሁላት፣ አቦሉም ግሩም ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች በዚያው ቀን ነው የጠጣኋቸው። የትናንቱን ግን ከቆላሁት በኋላ ሳልጠጣው አምስት ቀን አሳርፌዋለሁ፣ ስለዚህ ቀደም ያሉትን ሳልበድላቸው አልቀረሁም። እናንተ መጀመሪያ በሲዳማ ቡና ተለማመዱ፤ እሱም የከፍታ ቡና ነው። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ውድ ቡና አበላሽቻለሁ።

የቀረኝ 160 ግራም ነው፣ ሁለት ጊዜ ያስቆላኛል። በቤት ምጣድ የምትቆሉ ካላችሁ፣ ከተንጣጣ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደምታቆዩት ንገሩኝ።