ሳይፈትጉ ማጥራት፦ ስለ ዓይን ዙሪያ ቆዳ አስተጣጠብ

የዓይን ቆብ ቆዳ በሰውነታችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ከሥሩ እንደ ጉንጭ የሚያደላድለው ስብ የለውም፤ የሚያመነጨው ወዝም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ፊታችንን ስንታጠብ ግንባራችንንና ጉንጫችንን በምናሽበት እጅ፣ በዚያው ሳሙናና በዚያው ኃይል ዓይናችንንም አብረን እናሻለን። ከዚያ የሚመጣውን መቅላት፣ መድረቅና መጥቆር ደግሞ የእንቅልፍ እጦት ነው ብለን እናልፈዋለን። ከዓይን ዙሪያ ኩልንም ሆነ አቧራን የሚያስለቅቀው ጊዜ እንጂ የእጅ ጉልበት እንዳልሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የሚያሳስበኝ እዚህ ጎንደር ሙሽሮችን በማስዋብ ሥራ ላይ ስለምውል ነው። የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት የጥር ሳምንታት ከተማችን ሠርግ በሠርግ ትሆናለች። ሙሽራዋ ገና ሳይነጋ ተቀብታና ተኩላ፣ በፋሲል መዋኛ ግቢ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ፎቶግራፍ ተነሥታ፣ በበጋው አቧራና ፀሐይ ውላ፣ ስትጨፍር አልቧት፣ ከዘመዶቿ ተቃቅፋም አልቅሳ፣ ማታ ላይ ያን ሁሉ ከፊቷ አስለቅቃ መተኛት አለባት። ለማስዋቡ ሰዓታት ሲፈጅ ሁሉም ይታገሣል፤ ለማስለቀቁ ግን አምስት ደቂቃ የሚታገሥ ሰው አይገኝም። «በሳሙና ፈትገሽ አውጪው እንጂ ልጄ፣ ሰው እኮ እየጠበቃት ነው» ይሉኛል እናትየዋ። «እማማ፣ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ዓይኗ እኮ ነው» እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቅለት ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ውበቱ ለአንድ ቀን ነው፣ ቆዳው ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት የሚኖር ነው።

መፈተግ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ቆዳውን ራሱን ማወቅ ይጠቅማል። የዓይን ቆብ በየቀኑ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከደናል፣ ይገለጣል፤ ስስና ተጣጣፊ የሆነውም ለዚሁ ነው። ስስነቱ ግን ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች አሳልፎ ያሳያል፤ ትንሽ በተቆጣም ጊዜ ቶሎ ያብጣል። እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ቆዳ እየታሸ በተደጋጋሚ ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከወትሮው የበዛ ቀለም ያመርታሉ፤ መቆጣቱ ከበረደ በኋላም ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከዓይናቸው ሥር የጠቆረውን እናጠራለን ብለው አጥብቀው የሚያሹ እህቶች በገዛ እጃቸው ሲያባብሱት ማየት ያሳዝነኛል። ሎሚ መቀባት ከዚህም የከፋ ነው፤ አሲዱ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብሱን ያጠቁረዋል። የማሸት ልማድ ከቆዳም አልፎ ይሄዳል፤ ለዓመታት ዓይንን በኃይል ማሸት ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን ከሚሳሳበትና ወደ ፊት ከሚሾልበት ሕመም፣ ከኬራቶኮነስ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። ከሁሉ አስቀድሜ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ኮንታክት ሌንስ ያደረገች ካለችም መጀመሪያ እንድታወጣው አደርጋለሁ። ከዚያ ጠፍጣፋውን ክብ ጥጥ በማስለቀቂያው አርሳለሁ፤ ጥጡ ርጥበቱ የሚሰማ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ዓይን ይገባል። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና ጥጡን በቆቡ ላይ አስቀምጥና እተወዋለሁ። አልጫነውም፣ አላንቀሳቅሰውም፤ እንዳይወድቅ ብቻ በሁለት ጣቴ ደገፍ አደርገዋለሁ። ሠላሳ ሰከንድ ያህል፣ ማስካራው ወፍራም ከሆነም እስከ አንድ ደቂቃ እቆያለሁ። ከዚያ ጥጡን ቀስ ብዬ በሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ወደ ታች ሳወርደው የኩሉ ጥቁር ቅስትና የሽፋሽፍቱ ሰረዝ ሰረዝ ጥጡ ላይ ታትመው ይወጣሉ፤ ቆዳውም ሲሳብ አይታይም። ቆዳው ከጥጡ ጋር ተስቦ ከተሸበሸበ ገና አልለቀቀም ማለት ነው፤ እንደገና አስቀምጦ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያንኑ የቆሸሸ ጥጥ መልሶ ማሳለፍ ቀለሙን ከማዳረስ በቀር ጥቅም የለውም፤ አጥፌ በንጹሑ በኩል ወይም በሌላ ጥጥ እቀጥላለሁ። ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ጥጥ መጠቀም ግድ ነው፤ አንደኛው ዓይን ላይ ጀርም ቢኖር ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚሁ ነውና።

ከታችኛው ቆብ ላይ የቀረውን ሙሽራዋ ወደ ላይ እያየች ከውጭኛው ጥግ ወደ አፍንጫ በኩል በአንድ ለስላሳ መጥረግ አነሣዋለሁ። በሽፋሽፍቱ ሥር የተሸጎጠውን ጫፉ ጥጥ በሆነው እንጨት፣ ጫፉን አርሼ፣ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ጊዜ አሳልፍበታለሁ። ከቆቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ እርጥቡ ሥጋ ላይ የተኳለውን ግን ለማውጣት አልሞክርም። እንባው ራሱ ሌሊቱን ወደ ዓይን ጥግ ይገፋዋል፤ ጠዋት በንጹሕ እርጥብ ጥጥ ከጥጉ ላይ ማንሣት ይበቃል። በሙጫ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ካለ፣ ዘይት ያለበትን ማስለቀቂያ በሙጫው መስመር ላይ አድርጎ ጫፉ ራሱ እስኪነሣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተስቦ ሲወጣ የራሷን ሽፋሽፍት ነቅሎ ይመጣል።

ስለ ማስለቀቂያው ዓይነት ጥቂት ልበል። ተራውን ኩልና ማስካራ ሚሴላር የሚባለው ውሃ ያስለቅቀዋል፤ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አንደኛው ወገናቸው ቅባትን፣ ሌላው ወገናቸው ውሃን ስለሚይዝ ወዙንና ቀለሙን አቅፈው ይወጣሉ። ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ ግን በሰምና ቀጭን ሽፋን በሚሠሩ ነገሮች የተዘጋጀ በመሆኑ የሚሟሟው በዘይት ነው። ዘይቱና ውሃው ከሁለት ተከፍሎ የሚታይ፣ ተነቅንቆ የሚደባለቅ ማስለቀቂያ የሚሠራውም ለዚህ ነው። በሠርግ ቤት ለጋ ቅቤ ቀብቶ ማስለቀቅ የሚቀናቸው እናቶች አሉ፤ ቅባት መሆኑ እውነት ነው፣ ነገር ግን ያልነጠረ ቅቤ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ከዓይን አጠገብ ባይደርስ እመርጣለሁ። ዘይትም ሆነ ሚሴላር ከተጠቀሙ በኋላ፣ ዕቃው ላይ መታጠብ አያስፈልግም ተብሎ ቢጻፍ እንኳ፣ ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ይሻላል፤ የቀረው ቆዳውን ሊያስቆጣ፣ ዓይንንም ሊያቃጥል ይችላል። ተራ ደረቅ ሳሙና ለዚህ ቦታ አይሆንም። የቆዳችን አሲድነት በፒኤች መለኪያ 5 ገደማ ሲሆን የደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል (ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል)፤ በዚያ ስስ ቆዳ ላይ ያለችውን ጥቂት ወዝ ጠራርጎ ይወስዳታል። የልብስ ሳሙናማ ፊት ላይ ጨርሶ መድረስ የለበትም።

ውሃው ራሱ መታሰብ አለበት። በከተማችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በጀሪካንና በበርሜል ይጠራቀማል፤ ሰንብቶ ታቹ የዘቀጠውን ውሃ ወደ ዓይን መርጨት አይገባም። ለዓይን የሚሆነው ጥቂት ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶና ከድኖ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ከታጠቡ በኋላ በፎጣ ከመፈተግ ይልቅ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አስደግፎ ውሃውን ማስመጠጥ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እንዳለም ሽታ የሌለው ስስ ቅባት በቀለበት ጣት ነካ ነካ አድርጎ መቀባት ጥሩ ነው። የቀለበት ጣት ከሌሎቹ ይልቅ ኃይሉ አነስተኛ በመሆኑ ነው።

ከሠርግ ውጭ ያለውን ጊዜ ስናይ፣ የጎንደር ሴት ዓይን በየቀኑ የሚገጥመው ኩል ሳይሆን ጭስና አቧራ ነው። እንጀራ ጋግራ የተነሣች ሴት ዓይኗ ሲያቃጥላት በቀሚሷ ጫፍ ወይም በክንዷ ታሸዋለች፤ የአመዱን ብናኝ ቆዳው ላይ መፍጨት ይሆንባታል። መጀመሪያ ዓይንን ጨፍኖ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ብቻ መጥረግ ይገባል። በርበሬ የነካ እጅ በሳሙና ደኅና አድርጎ ሳይታጠብ ዓይን አጠገብ መድረስ የለበትም፤ የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውሃ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ራስ ላይ የተቀባው ቅቤም ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ወደ ቅንድብና ወደ ቆብ ስለሚወርድ፣ ግንባር ላይ ሻሽ አጥብቆ ማሰር ጥሩ መከላከያ ነው።

ስለ ኩሉ ራሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በገበያ ከሚሸጡት ባህላዊ ኩሎች መካከል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለባቸው ይገኛሉ። በአንዳንድ አገሮች ኩል ጋሊና ከሚባለው የእርሳስና የድኝ ውሕድ ድንጋይ እየተፈጨ ይዘጋጃልና፤ በዓይን ብቻ አይቶ ለመለየትም አይቻልም። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት አንጎል አደገኛ ነው፤ ሕፃኑ ዓይኑን አሽቶ እጁን ወደ አፉ ይወስደዋል። ስለዚህ ሕፃን መኳል ቢቀር እላለሁ፤ ይህን ስል ልማዱን የሚወዱ አያቶች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፣ ነገር ግን ለልጁ ሲባል ቅር መሰኘቱን ይቻሉት። አዋቂዎችም ብንሆን መኳያ መዋዋስ የለብንም። ማስካራም ከተከፈተ ሦስት ወር ሲሞላው መጣል አለበት።

ብዙዎች የማያውቁት ቦታ የሽፋሽፍቱ ሥር ነው። በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ያ ቅባት እንባችን ቶሎ እንዳይተን የሚጠብቅ ሽፋን ነው። አፋቸው በሜካፕ ቅሪት ወይም በደረቀ ቅባት ሲደፈን ዓይን ይቆረቁራል፣ ቆቡ ይቀላል፣ በሽፋሽፍቱ ሥር እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት ይታያል፤ አንዳንዴም ብጉር ይወጣል። እዚህ ላይ የሚረዳው ሙቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ የእጅ ጀርባ በማይፈጀው ሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ጨርቁ ሲቀዘቅዝም እንደገና መንከር ነው። የደደረው ቅባት ሲላላ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በቀስታ ዳበስ ማድረግ፣ በመጨረሻም ጠርዙን በእርጥብ ጥጥ መጥረግ ይገባል። ብጉሩን ማፍረጥ ግን ክልክል ነው።

ልጆችን በተመለከተ ፊት ማጠብ ከውበት ጉዳይ እጅግ የራቀ ነው። የአማራ ክልል በአገራችን ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚተላለፈው በእጅ፣ በጋራ ጨርቅ፣ እንዲሁም በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ነው። በተደጋጋሚ ሲይዝ በቆቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን እየቧጨረ በመጨረሻ ያሳውራል። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች በየገጠሩ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀዶ ሕክምናና ከመድኃኒት ጋር የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን እኩል የመከላከያ መንገድ አድርጎ ያስቀመጠውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የልጅ አይናር እስኪደርቅ አይጠበቅ፤ ከደረቀም ተፍቆ አይነሣ። እርጥብ ጨርቅ አስደግፎ እስኪለሰልስ ጠብቆ ማንሣት ነው፤ ጨርቁም ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ይሁን። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርገው ወደ ሌላው ሲሻገሩ ባየሁ ጊዜ ሁሉ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በስተመጨረሻ፣ ፊትን ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ ቅባቶች ከዓይን ዙሪያ እንዲርቁ አጥብቄ እለምናለሁ። ከመካከላቸው ስቴሮይድ የሚባለው፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት ያለባቸው አሉ፤ ስቴሮይድ ደግሞ ይህን ስስ ቆዳ ይበልጥ ያሳሳዋል፣ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡትም የዓይንን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የዓይን ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ ትኩሳት ያለው የቆብ እብጠት ወይም መግል ያለው ፈሳሽ ከታየ ግን እቤት ውስጥ በማጠብ መቆየት አይገባም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ ውስጥ የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ሲሄዱም የተኳሉትን ኩል ወይም የተቀቡትን ቅባት ከነዕቃው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መለያውን አይቶ ምን እንደነካዎት ለማወቅ ይቀለዋል።